የአቃቂ ውኃ ጣዕም

ትልቁና ትንሹ የአቃቂ ወንዞች ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ወርደው የሚተኙበት ረግረግ፣ መስከረም ጠብቶ ውኃው ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ ገበሬው የሸሸውን ውኃ እግር በእግር እየተከተለ በመረሬው ላይ ሽምብራና ጓያ ሲዘራ፣ ከኅዳር ጀምሮ ደግሞ የባሕር ማዶውን ብርድ ሸሽተው የመጡት ባለ ረጅም እግር ወፎች ከእኛዎቹ አክሊል ደፊዎች ጋር ከታጨደው ማሳ ላይ እህል ሲለቅሙ፣ ጩኸታቸውም ከባቡሩ ጥሩምባ ጋር ተቀላቅሎ እስከ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አጥር ሲሰማ፣ እናንተም ትዝ ይላችሁ ይሆናል።

የጉድጓዱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በየጊቢው በገመድና በባልዲ የሚቀዳ፣ በየካቲት ፀሐይ እንኳ ጥርስ የሚጠዘጥዝ፣ እንስራ ውስጥ አድሮ ሸክላ ሸክላ የሚል ውኃ ነበረን፤ ሴቶቹ አንዴ ጎንጨት ብለው ይሄ ለጠላ፣ ያኛው ለቡና እያሉ ከጊቢ ጊቢ ይመርጡ ነበር፣ ምላሳቸውንም ሰፈሩ ሁሉ ያምነው ነበር።

ከእግራችን ሥር ያለው ድንጋይ ቸር ነው። የጥንት እሳተ ገሞራ የተፋው፣ ዛሬም መንገድ የሚደለደልበት ያ ቀዳዳ የበዛው ቀይ ድንጋይ ዝናቡን ጠጥቶ ስለሚያኖር ነው አዲስ አበባ ጥልቅ ጉድጓዶቿን አቃቂ ላይ የቆፈረችው። ድንጋዩ ግን ዝናብን ከፍሳሽ አይለይም፤ ከተማዋ እየሰፋች መጸዳጃው ከውኃ ጉድጓዱ ጋር አጥር ለአጥር ሲጎራበት፣ ከሽንትና ከዓይነ ምድር የሚወጣው ናይትሮጅን አፈር ውስጥ ናይትሬት ሆኖ፣ አፈሩም ይዞ ስለማያስቀረው፣ ከውኃው ጋር ወደ ታች ይወርዳል። ከፊሉን የሚመልሰው ረግረጉ ነበር፤ አየር በማይደርስበት ጥቁር ጭቃ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ጋዝ ለውጠው ወደ ሰማይ ይለቁታልና። ያ የሚሸት ጭቃ ስንት ሥራ ይሠራ ኖሯል!

ናይትሬት ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው፤ ያ ሰፈር ያመነው ምላስ እንኳ አያገኘውም። ማፍላትም ውኃውን አትንኖ ናይትሬቱን ያበረታዋል እንጂ አያጠፋውም። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ የሚለው ከሁሉ በፊት ለጡጦ ሕፃናት አስቦ ነው፤ ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ተስኖት ገላቸው እንዳይጠቁር።

ዛሬ አባ ሳሙኤል ላይ እምቦጭ ተንሰራፍቷል፣ ረግረጉም በደለልና በግንባታ ጠብቧል። ጉድጓዶቹ ከነገመዳቸው ያሉባቸው ጊቢዎች ግን አሁንም አሉ፤ ልብስ ይታጠብባቸዋል፣ ጎመን ይለማባቸዋል። ለቡናው ቧንቧ ይጠበቃል፣ ተራው የደረሰ ቀን።