«ሌባ» የተባለው ወላጅ

እስቲ ዓይናችሁን ጨፍኑና ዳይኖሰርን አስቡ። ምን መጣባችሁ? ቆዳው እንደ አዞ የሻከረ፣ ጥርሱ የገጠጠ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚውጥ አውሬ! ፊልም ያስተማረን ይህንኑ ነው። ሰሞኑን ግን የእህቴን ልጅ የቤት ሥራ ሳግዝ ያነበብኩት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 አሜሪካውያን አሳሾች በሞንጎሊያ፣ ጎቢ በረሃ ውስጥ እንቁላሎች ላይ የተጋደመ አፅም አገኙ። እንቁላሎቹ ፕሮቶሴራቶፕስ የሚባል የሌላ ዳይኖሰር ናቸው ተባለ። «ታዲያ ይሄኛው እዚያ ምን ይሠራል? ሊሰርቅ መጥቶ ነዋ!» በቃ፣ በ1924 ኦቪራፕተር ተባለ፤ የእንቁላል ቀማኛ ማለት ነው። የሚገርመው፣ ስሙን ያወጡለት ሄንሪ ኦስቦርን ራሳቸው ስሙ ሊያሳስት እንደሚችል ጽፈው ነበር። ማን ሰምቷቸው!

ሰባ ዓመት እንዲሁ አለፈ። በ1993 በዚያው በረሃ፣ በተመሳሳይ እንቁላል ውስጥ ፅንስ ተገኘ። የማን ቢሆን ጥሩ ነው? የራሱ የኦቪራፕተር ወገን! ደግሞም የቅርብ ዘመዱ ክንዶቹን ዘርግቶ፣ እንደ ዶሮ እንቁላሎቹን እንዳቀፈ የሞተ አፅም ተገኘ። እንግዲህ ያ «ሌባ» የተባለውም የገዛ ጎጆው ላይ የነበረ ወላጅ ሳይሆን አይቀርም።

መልኩስ ቢሆን? በ1996 ቻይና ውስጥ ሳይኖሶሮፕተሪክስ የሚባል ትንሽ ዳይኖሰር የጫጩት ዓይነት ለስላሳ ላባ ለብሶ ተገኘ። በ2010 ሳይንቲስቶች የላባውን የቀለም ቅንጣቶች በማይክሮስኮፕ አይተው ጅራቱ ቀላ ያለ ቡኒና ነጭ ዝንጉርጉር እንደነበር ተናገሩ። በ1998 ይፋ የሆነው የኦቪራፕተር ዘመድ ኮዲፕተሪክስም ክንዱና ጅራቱ ላይ ላባ ነበረው። ስለዚህ ያ «አውሬ» ዛሬ የሚሳለው ወፍ መስሎ ነው።

ይህን ሳነብ ሆዴ ባር ባር ያለው ወድጄ አይደለም። በ18 ዓመቴ ዘመድ ቤት ተጠግቼ ስማር የቤቱ እመቤት የወርቅ ሐብል ጠፋ። ጓዳ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ምስክር አላስፈለገም። ሻንጣዬ ተበረበረ፣ በሦስተኛው ቀን ተባረርኩ፣ ትምህርቴም በዚያው ቀረ። ከአራት ወር በኋላ ሐብሉ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ወድቆ ተገኘ። በስልክ ይቅርታ ተጠየቅኩ። ሰፈሩ ግን «ያቺ ወርቅ ያነሳችው» ማለቱን አልተወም።

ኦቪራፕተርም ዕጣው ይኸው ነው። በሳይንስ ደንብ ቀድሞ የወጣ ስም በዚህ ምክንያት አይሻርምና ዛሬም «ቀማኛ» ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ? የእሱስ አፅሙ ከመቃብር ወጥቶ ቢመሰክርለትም ስሙ አልለቀቀውም።

እናም ውድ አንባቢያን፣ ቤታችሁ ዕቃ ሲጠፋ ሠራተኛዋን ወይም የዘመድ ልጁን ከመጠርጠራችሁ በፊት ቆም በሉ። አጠገቡ መገኘት መስረቅ አይደለም። አልጋ ሥር ፈትሹ፣ ቁም ሣጥኑን አንሱ፣ ጥቂት ቀን ታገሡ። ወርቅ ይተካል፤ ስም ግን አይተካም። አጉል ጠርጥራችሁ ከተገኛችሁ ደግሞ ይቅርታውን በስልክ ሳይሆን ሐሜቱን በሰማው ሰው ሁሉ ፊት ጠይቁ።