ስም የሚጽፍ ሰው

ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ነው። ደብረ ታቦር ከተማ ስሟን ከበዓሉ ጋር የተጋራች ስለሆነች፣ እኛ ደቡብ ጎንደሮች ቡሄን ትንሽ የራሳችን አድርገን ነው የምናየው። ኦሊምፒክም ለእኛ የቡሄ ሰሞን ነገር ነው። ቀነኒሳ በቀለ በአቴንስ 10,000 ሜትሩን የወሰደው ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ልክ በቡሄ ማግሥት ነበር። በቤጂንግ ደግሞ ጥሩነሽ ዲባባ ነሐሴ 9 እና 16፣ ቀነኒሳ ነሐሴ 11 እና 17 ቀን 2000 ዓ.ም. ሁለት ሁለት ወርቅ አጠለቁ። ቡሄ መካከል ላይ ቁጭ ብሏል።

እኛ ያኔ የአምስት ዓመት ሕፃናት ነበርን፤ ጅራፍ የምናጮህ፣ ሙልሙል የምንለቅም። ውድድሩን አየነው ማለት አንችልም። እብናት ከተማ ቴሌቪዥን ያለበት ሻይ ቤት በር ላይ ተጨናንቀን የሰው ጀርባ ነው ያየነው። ሰዎቹ ሲነሡ ተነሣን፤ ሲጮኹ ጮኽን። ደጋፊነትን የጀመርነው እንዲህ ነው፤ ከሰው ጀርባ ሆነን።

ዛሬ ከዚያ በር ላይ ከነበሩት ልጆች ሦስታችን ዩኒቨርስቲ ገብተን በአንድ ዶርም እንኖራለን። አራተኛው የዶርማችን ልጅ ከአርሲ ነው፤ አገሩ በቆጂ። በቆጂን ያነሣ ዕለት እንቅልፍ የለም። «ደራርቱ፣ ፋጡማ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ፣ ገንዘቤ፣ ቲኪ» እያለ እንደ ዳዊት ይደግምልናል። ውሸት ቢሆን ደስ ባለን፤ ግን እውነት ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ፋጡማ ሮባ በ1988 አትላንታ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆነች። ቲኪ ገላና በ2004 ለንደን ላይ ማራቶኑን ደገመችው። ይህ ሁሉ ከአንዲት የወረዳ ከተማ! ታዲያ ሰው አይቀና?

አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ክርክር ተነሣ። በቆጂ ምን ቢኖራት ነው?

«ከፍታው ነው» አለ አንዳችን። በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ደብረ ታቦርስ? 2,700 ገደማ። ጉና ተራራማ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ በጉና ወገብ ላይ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከበቆጂ ልጅ ይልቅ ኦክስጅኑ የሳሳ አየር ሲስብ ይውላል። ስለዚህ ከፍታው ብቻ አይደለም።

«ገብሱ ነው» አለ ሌላው። ኧረ ተው! በሶ በጥብጠን እየጠጣን፣ ቆሎ በኪሳችን ይዘን ያደግን ልጆች ስለ ገብስ ይነገረናል?

«ትምህርት ቤቱ ሩቅ ስለሆነ ልጆቹ እየሮጡ ይሄዱ ነበር።» እዚህ ላይ ሦስታችንም ሳቅን። በርቀትማ እብናትን ማን ያህላታል! ክረምት ወንዝ ሲሞላ በሌላ በኩል ዞሮ፣ በጋ ቁልቁለቱን ወርዶ ዳገቱን ወጥቶ የሚማር ተማሪ እኛው ዘንድ ሞልቷል።

የበቆጂው ልጅ በጨለማው ውስጥ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ «እናንተ ዘንድ ጋሽ ስንታየሁ የሉም» አለን።

ክርክሩ በዚያው አበቃ።

ስንታየሁ እሸቱ የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ ነበሩ። ከሐረር በኩል የመጡ ሰው ናቸው፤ የፊት ፍቅራቸውም እግር ኳስ እንጂ ሩጫ አልነበረም። በቆጂ ለማስተማር ገቡና ልጆቹን አዩ። ቀላል ይመስላል፤ ልጆቹን አዩ! ደራርቱ፣ ፋጡማ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ገና ማንም ሳያውቃቸው በእሳቸው ዓይን ሥር አልፈዋል። ስታዲየም የለ፣ መም የለ። ማለዳ ልጆቹን ወደ ባሕር ዛፉ ጫካ ይዘው ይወጡና አንዱ የሌላውን ተረከዝ እየተከተለ በግንዶቹ መካከል እንዲጠማዘዝ ያደርጉ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው መሰላል የታወቀ ነው፤ ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል፣ ከክልል አዲስ አበባ ካሉት ክለቦች ወደ አንዱ። ክለብ ማለት ደሞዝና ምግብ ነው። ለገበሬ ልጅ ይህ ቀልድ አይደለም።

የመሰላሉ ጫፍ ላይ ደግሞ ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ነበሩ። በግንቦት 2008 ዓ.ም. ማረፋቸውን ሬዲዮ ሲናገር እኛ ሰባተኛ ክፍል ነበርን። የአንዳችን አባት የሚጠርበውን ሞፈር አስቀምጦ፣ «እኚህ ሰው ስንቱን አስለቀሱ፣ ስንቱን አስደሰቱ» አለ። ሃንጋሪ አገር ተምረው የመጡ፣ ሰዓት ላይ ቀልድ የማያውቁ፣ ሲቆጡ አገር የሚያንቀጠቅጡ ይባሉ ነበር። ባርሴሎና፣ አትላንታ፣ ሲድኒ፣ አቴንስ፤ ብሔራዊ ቡድኑ ባሸነፈበት ሁሉ ኮፍያቸው ትታወሳለች። ከእሳቸው በፊትም ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበሩ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈውን የክብር ዘበኛ ወታደር፣ አበበ ቢቂላን፣ ያሠለጠኑት እሳቸው ናቸው።

እነዚህን ትልልቅ ሰዎች ስናስብ ግን አንድ ነገር ይከነክነናል። ኒስካነን አበበን ያገኙት ወታደር ቤት ከገባ በኋላ ነው። ዶክተሩም ብዙዎቹን የተቀበሉት ሌላ ሰው አይቶ ከላካቸው በኋላ ነው። የመጀመሪያው ሰው የት ነው ያለው? አንዲት ልጅ ገና ኩበት ለቅማ ውኃ ቀድታ ስትመጣ አይቶ ስሟን ደብተሩ ላይ የሚጽፈው ሰው?

እኛም አንዲት ልጅ ነበረችን። ስሟን አንጽፍም፤ አላስፈቀድናትም። በ2008 ዓ.ም. ሰባተኛ ክፍል አብራን ተምራለች። ቤቷ ከሁላችንም ይርቃል፤ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ግን ሁልጊዜ ቆማ ትገኛለች፤ ከተማ ውስጥ የምናድረው እኛ ነበርን የምናረፍድ። ዓመቱ መጨረሻ ላይ በተደረገው ውድድር ወንድና ሴት ተቀላቅለን ስምንት ዙር ሮጥን። ኮንጎ ጫማዋን አውልቃ በግራ እጇ ያዘች። በአምስተኛው ዙር ደርባን አለፈች። ስታልፈን ትንፋሿ እንኳ አይሰማም ነበር። አንዱ ልጅ «ደራርቱ!» ብሎ ጮኸ፤ ስሙ በዚያው ቀረላት። አንድ ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ ተሸለመች። አጨበጨብን፤ እጃችን እስኪቀላ አጨበጨብን። ከዚያ ወደየቤታችን ሄድን።

ስምንተኛ ክፍል ስንመለስ አልመጣችም። ጥር ላይ ሠርጓ ሆነ። እኛ ሠርጉ ላይ ነበርን። ጠላ ጠጥተናል፤ ጨፍረናል። «ይቺ ልጅ እኮ ሯጭ ናት» ያለ አንድ ሰው አልነበረም፤ እኛም አላልንም።

ልጆች ነበርን፤ ምን እናደርግ ነበር? ይህንን ብዙ ጊዜ ለራሳችን ብለነዋል። ግን ለአንድ ሰው መንገር አያቅተንም ነበር። ለአስተማሪ፣ ለአጎት፣ ለማንም። እኛ ማጨብጨብን ብቻ እንደ ሥራ ቆጥረነው ነበር።

ነሐሴ 2016 ዓ.ም. መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት እየዋተትን እብናት ደረስን። በገበያ ቀን አገኘናት፤ ሽንኩርት ዘርግታ ተቀምጣለች። ሳቀችብን፤ «እናንተ የተማራችሁ!» አለችን። ወዲያው ደግሞ፣ «የማራቶኑን ማን ወሰደው?» ብላ ጠየቀች። የፓሪሱን ማለቷ ነው።

«ታምራት ቶላ» አልናት፤ «በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ፤ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ነው።» ዕውቀታችንን ለማሳየት ያህልም ቀጠልን፦ «እሱ እኮ ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ሲጎዳ ነው በእሱ ፈንታ የገባው።»

ሽንኩርቱን እየመዘነች ትንሽ ዝም አለች። «ጠሩታ!» አለች።

ሌላ ምንም አልተናገረች። በነገሩ ውስጥ ወቀሳ አልነበረበትም፤ ለዚያ ነው የከበደን። ሒሳቡን ስንሰጣት ሁለት ራስ ሽንኩርት መረቀችልን። ስድስት ዓመት የማይሞላት ልጇ መልሱን ለመዘርዘር ብሯን ጨብጣ በጆንያና በአህያ መካከል እየተጠማዘዘች በረረች። የጎረቤቷ ነጋዴ፣ «ይቺ ደግሞ እንደ እናቷ አትጨበጥም!» ብላ ሳቀች። ልጅቱ ተመልሳ መጣች። ትንፋሿ አይሰማም።

ከእኛ አንዱ ሲመረቅ አስተማሪ ሊሆን ያስባል። ደብተሩን ከቦርሳው አወጣ። እናትየዋን አየት አደረጋትና ልጅቱን፣ «ስምሽ ማነው?» አላት።

ነገረችው። ጻፈው።