ልጅ አለህ?

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። በ1990 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የአዲስ አበባን ጎዳና ያየ ሰው ግን ይህን ተረት ለመተረት ይቸገር ነበር። አሜሪካን ያላየ ሁሉ ናፍቋት፣ ጉርድ ፎቶግራፉን በኪሱ ይዞ ይዞራል። «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ጽሑፍ ከፀጉር ቤት እስከ ሻይ ቤት በር ላይ ተለጥፏል።

ታናሽ ወንድሜ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ አራት ዓመት ያለ ሥራ ተቀምጧል። አንድ ቀን «አብረኸኝ ና፤ አንተ አስተማሪ ነህ፤ አያታልሉህም» አለኝ። ስለ ዲቪ የማውቀው ከእሱ ያነሰ መሆኑን ለመናገር አፈርኩና ተከተልኩት።

ፒያሳ አንዲት ጠባብ ክፍል ገባን። ክራባት ያሰረ ወጣት የአሜሪካ ባንዲራ የታተመበት ወረቀት ከምሯል። «ኦሪጂናል ፎርም ነው፤ ሠላሳ ብር» አለን። ስምና የትውልድ ዘመን ጠየቀ። አድራሻ ላይ ሲደርስ ግን ሳይጠይቅ የራሱን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ጻፈ። ለምን ብለው «ሰፈር ውስጥ ደብዳቤ ይጠፋል፤ እኛ ዘንድ አይጠፋም» አለኝ። ወንድሜ ብሩን ሊሰጥ ሲል እጁን ያዝኩት። «ነገ እንመለሳለን» አልኩ። እስከ ቤታችን ድረስ አላናገረኝም።

በማግስቱ ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ በጽሕፈት መኪና ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ወሰድኩት። አባታችን በቤት ክርክር ሲንከራተቱ እኚህ ሰው «ይህን ጉዳይ አይረቱም፤ ገንዘብዎን በእኔ ላይ አይጨርሱ» ብለዋቸው ነበር። በራሱ ገበያ ላይ እንዲህ የተናገረ ሰው ሌላ አላውቅም።

ሽማግሌው መመሪያውን በፎቶ ኮፒ አግኝተውት ኖሮ ከመሳቢያቸው አወጡ። መነጽራቸውን አስተካክለው ጣታቸውን በየመስመሩ እያስኬዱ ይተረጉሙልን ጀመር።

«ፎርም የሚባል የለውም። ተራ ነጭ ወረቀት ይበቃል ይላል። ከአንድ ማመልከቻ በላይ የላከ ይሰረዛል። ዕጣ ለወጣለት በሰጠው አድራሻ ይጻፍለታል፤ ላልወጣለት አይጻፍም። እንግዲህ አድራሻው የማን መሆን እንዳለበት እናንተው አስቡት።»

አሰብነው። የሣጥኑ ቁልፍ በእጁ ያለ ሰው ዕጣውም በእጁ ነው። ደብዳቤው ቢመጣ ሊደብቀው፣ ሊደራደርበትም ይችላል። ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ፤ ኩርፊያው ለቀቀው።

ሽማግሌው ወረቀት አጉርሰው መምታት ጀመሩ።

«ሚስት?»

«የለኝም።»

«ልጅ አለህ?»

መልስ ጠፋ። የጽሕፈት መኪናው ዝም አለ። ወንድሜ እኔን አየ፤ ከዚያ መሬቱን አየ። «አለችኝ» አለ በመጨረሻ። «ሁለት ዓመቷ ነው። ደብረ ዘይት፣ እናቷ ዘንድ ናት።»

እኔ ደነገጥኩ። ሽማግሌው ግን አልደነገጡም። «ወረቀቱ የልጅ ስም ይጠይቃል። ዛሬ የካድካትን ነገ ቆንስላው ፊት ቆመህ ልጄ ናት ብትል ማን ያምንሃል? ስሟን ንገረኝ።»

የወንድሜን ልጅ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት እንዲህ፣ በጽሕፈት መኪና ኳኳታ መሐል ነው። የፒያሳው ወጣት ይህን ጥያቄ አልጠየቀም ነበር። መልሱ ለእሱ ምን ያደርግለታል?

ሦስት ብር ከፈልን። «በተራ ፖስታ ላኩት፤ በፈጣን መልእክት የመጣውን አይቀበሉም» ብለው አሰናበቱን። ፖስታው ኒው ሃምፕሻየር ወደምትገኘው ፖርትስመዝ ሄደ። እስከ ሐምሌ ጠበቅን፤ የመጣ ነገር የለም። በዓመት ከ55 ሺህ ለማይበልጥ ቪዛ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ያመለክት ስለነበር አልገረመንም። ልጅቷ ግን በዚያው ዓመት ለፋሲካ ቤታችን መጣች። እናታችን አንድ ቀን ሙሉ ከጀርባዋ አላወረደቻትም።

በ1996 ዓ.ም. ማመልከቻው በኮምፒዩተር ብቻ ሆነ። ኋላ ላይ የፖስታ ሣጥኑን ቦታ የማረጋገጫ ቁጥር ወሰደው፤ አንዳንድ ሞይዎችም ቁጥሩን ለራሳቸው ያስቀሩት ጀመር። ዘዴው ያው ነው፤ ቁልፉ ብቻ ተለወጠ።

በ2008 ዓ.ም. ያቺ ልጅ በሃያ ዓመቷ ዲቪ ልትሞላ ስልኳን ይዛ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ስሟን፣ የትውልድ ቀኗን ሞላች። የልጆች ቁጥር የሚለው ላይ ስትደርስ እኔም እንደ ሽማግሌው ድምፄን ጎርነን አድርጌ ጠየቅኋት።

«ልጅ አለሽ?»

ከት ብላ ሳቀች። አባቷ ግን አልሳቀም፤ ተነሥቶ ግንባሯን ሳማት።