ከወረዳው በጀት ምን እንጠይቅ? በማንስ ስም?



ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ ባለፈው ክረምት በግቢያችን ዙሪያ ላሉ ልጆች ስላካሄድነው የማጠናከሪያ ትምህርትና የስፖርት ፕሮግራም ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁናል። ከሁሉም የበዛው ጥያቄ «ብሩን ከየት አገኛችሁት?» የሚለው ነው። መልሳችን አጭር ነው፤ ብር አላገኘንም። ከወረዳው ያገኘነው ሌላ ነገር ነው። እሱን ለማግኘት የሄድንበት መንገድ ግን ብዙ አስተምሮናል። ዘንድሮም ሆነ ከዚያ በኋላ ሌሎች ወንድሞችና እህቶች እንዲቀጥሉበት ስለምንፈልግ ያየነውን እናካፍላችሁ።

ለሥራው ያነሳሳን የ12ኛ ክፍል ውጤት ነው። በ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። አልሐምዱሊላህ፣ እኛ በዚያ ጠባብ በር ካለፉት መካከል ነን። ከግቢው አጥር ወዲያ ያሉት ልጆች ግን ሒሳብና እንግሊዝኛን ገና ከ9ኛ ክፍል «አይገባኝም» ብለው የተዉ ናቸው። ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል። ዝናቡ ሜዳውን ጭቃ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ለወጣት በሩን ከፍቶ የሚጠብቀው ቤቲንግ ቤት፣ ፑል ቤትና ጫት ቤት ነው። ከእነዚህ ልጆች የሚበዙት ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ አንዳንዶቹም ታናናሽ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ናቸው።

የመጀመሪያው ሹራችን ረጅም ነበር። ከመካከላችን ግማሾቹ «ለምን መንግሥት ደጃፍ እንሄዳለን? ሰደቃ ሰብስበን በራሳችን እንሥራው» አሉ። ይህ የተናቀ ሐሳብ አይደለም። በወሎ ደረሶች ከሀገር ሀገር እየዞሩ ሲቀሩ ያበላቸውና ያስጠጋቸው የየመንደሩ ሰው ነበር። ወቅፍም በእስልምናው ዓለም ስንቱን መድረሳና ቤተ መጻሕፍት ያቆመ ነገር ነው። በራስ አቅም መሥራት ክብር አለው፤ ከቢሮ ምልልስም ያድናል።

የተቀሩት ደግሞ ሌላ ነገር አነሱ። በገበያው የሚነግዱት አባቶቻችንና እናቶቻችን ግብር ይከፍላሉ። የወረዳው አዳራሽ፣ ሜዳውና የወጣት ማዕከሉ የተሠሩት በዚያ ገንዘብ ነው። ሁልጊዜ «እኛ በራሳችን እንችላለን» እያልን የምንርቅ ከሆነ፣ ልጆቻችን የሚገባቸውን ሳያገኙ እንዲቀሩ እኛው እየፈረድንባቸው ነው። ከዚህም በላይ አዳራሽና ሜዳ በሰደቃ አይገዛም። ቢገዛም እንኳ ወረዳው ያለው አዳራሽ ባዶውን ቆሞ እያለ ሌላ መግዛት ብክነት ነው። በመጨረሻ የተስማማነው በዚህ በሁለተኛው ሐሳብ ላይ ነው። ሰደቃውን ግን አልተውነውም፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ከዚያ «በማን ስም እንጠይቅ?» የሚለው መጣ። እውነተኛው ክርክር እዚህ ላይ ነበር። አንዳንዶቻችን በጀመዓው ስም፣ መድረሳ ውስጥ፣ ከቂርአት ጋር አያይዘን እንድንሠራው ፈለግን። ልጁ ሒሳብ ሊማር መጥቶ ቁርኣን ቢቀራ ምን ይጎዳዋል? የሚጎዳው ነገር የለም። ጥያቄው ግን ማን ይክፈለው የሚለው ነው።

በመካከላችን ያሉት የሕግ ተማሪዎች ሕገ መንግሥቱን አውጥተው አነበቡልን። አንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነትን ያረጋግጣል፤ አማኞች የራሳቸውን የሃይማኖት ትምህርት ተቋማት እንዲያቋቁሙም ይፈቅዳል። አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ መሰጠት እንዳለበት ያስቀምጣል። ስለዚህ ቂርአቱ መብታችን ነው፤ የምናስኬደው ግን በራሳችን ገንዘብ ነው። የሒሳቡ ትምህርት በሕዝብ አዳራሽ የሚሰጥ ከሆነ የሕዝብ ልጅ ሁሉ እኩል ይገባበታል።

ይህ ሲነገር አንድ ወንድማችን «እንግዲያስ ስማችንን ልንደብቅ ነው?» አለ። አይደለም። መደበቅ ማታለል ነው፤ አማናም አይደለም። በደብዳቤው ላይ ማን እንደሆንን በግልጽ ጻፍን። የዩኒቨርሲቲው ሙስሊም ተማሪዎች መሆናችንን፣ የምንሰጠው ግን የክፍል ትምህርትና ስፖርት ብቻ መሆኑን፣ ምዝገባው ለማንኛውም የሰፈሩ ልጅ ክፍት መሆኑን አሰፈርን። ሌላ ሃይማኖት ያላቸውን የክፍል ጓደኞቻችንንም አብረውን እንዲያስተምሩ ጠየቅናቸው፤ ሦስቱ መጡ። ፊዚክሱን የያዘው ከእነሱ አንዱ ነው። እሱ ባይኖር ፊዚክስ የሚባል ትምህርት አይኖርም ነበር።

ስለ ገንዘቡም ቢሆን ነገሩን ማጥራት ነበረብን። ብዙዎቻችን «የወጣቶች ፈንድ» ሲባል የምናስበው በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመውን 10 ቢሊዮን ብር ነው። እሱ ግን ተዘዋዋሪ ፈንድ ነው። ሥራ ለሚፈጥሩ ወጣቶች የሚሰጥ፣ የሚመለስ ብድር ነው። ለማጠናከሪያ ትምህርትና ለኳስ የሚሆን አይደለም። ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚኬደው ወደ ወረዳው የወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት ነው። የወረዳ በጀት ደግሞ መደበኛና ካፒታል ተብሎ ይከፈላል፤ ከመደበኛው የሚበዛው በደመወዝ ያልቃል። ለፕሮግራም የሚተርፈው ትንሽ ነው፤ እሱም በጥሬው ለእንደኛ ያለ ቡድን አይሰጥም።

ይህን በግልጽ የነገሩን በጽሕፈት ቤቱ ያሉ አንዲት ባለሙያ ናቸው። ለአራተኛ ጊዜ ሄደን ነው ያገኘናቸው፤ በሦስቱ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብለን ተመልሰናል። የጻፍነውን የብር ዝርዝር እስከ መጨረሻው አነበቡና «ልጆች፣ ብሩን እርሱት። አዳራሹን ጠይቁ፣ ኳሱን ጠይቁ፣ ደብተሩን ጠይቁ። በዓይነት የሚሰጥ ነገር አለን፤ ብር ግን ለእናንተ የምናወጣበት መንገድ የለም» አሉን። ቀጥለውም «በክረምት በጎ ፈቃድ ዕቅዳችን ውስጥ እናስገባችሁ። ያኔ ሥራው የእናንተም የእኛም ይሆናል» አሉ። እናታችን፣ አላህ ይስጥልን፤ መንገዱ የተከፈተልን ያን ቀን ነው።

የጊዜውንም ጉዳይ ያስረዱን እሳቸው ናቸው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። የእኛ ፕሮግራም ሐምሌና ነሐሴ ነው። በሰኔ ከሄድን ሒሳብ እየተዘጋ ነው ይባላል። በሐምሌ ከሄድን አዲሱ በጀት ገና ጸድቆ አልተለቀቀም ይባላል። ሁለቱም እውነት ነው። ስለዚህ ለክረምት የሚሆን ነገር የሚፈልግ ሰው ጽሕፈት ቤቱ የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድ ሲያዘጋጅ መድረስ አለበት። በእኛ ወረዳ ይህ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ነው። ያኔ የገባ ሐሳብ በዕቅዱ ላይ አንድ መስመር ይሆናል። በሐምሌ የገባ ደብዳቤ ግን መዝገብ ቤት ያድራል።

ሌላም ነገር አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች አብዛኞቹ ከ15 በታች ናቸው፤ ስለዚህ በወጣቶች ዕቅድ ውስጥ አይገቡም። ለእነሱ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሌላ ደብዳቤ ጻፍን፤ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያሉትን በወጣቶቹ በኩል አስኬድን። አንድ ደብዳቤ ጽፈን ሁሉንም ቢሮ ልናዞር ብንሞክር ኖሮ እያንዳንዱ «የኛ አይደለም» ይለን ነበር።

ዕቅዱን ስናዘጋጅ እህቶች ያነሱት ነጥብ መልኩን ቀየረው። «ስፖርት ስትሉ ኳስ ነው፣ ኳስ ስትሉ ወንድ ነው። የእኛ ልጆች የት ይግቡ?» አሉ። በእነሱ ሐሳብ መሠረት አዳራሹ በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ለሴቶች ብቻ እንዲሆን፣ መረብ ኳስና የጠረጴዛ ቴኒስ እንዲኖር፣ የሚያሠለጥኑትም እህቶች እንዲሆኑ ጻፍን። ሰዓቱም ከመግሪብ በፊት እንዲያልቅ አደረግን፤ ልጃገረዶቹ ሳይመሽባቸው ቤታቸው እንዲገቡ ነው። ይህን የወደዱት ሙስሊም እናቶች ብቻ አልነበሩም። የሰፈሩ እናት ሁሉ ነው የወደደው።

ሁሉም ነገር ተሳካ ማለታችን አይደለም። ደብዳቤያችንን ካስገባንበት አንድ ሌላ መሥሪያ ቤት «እናንተ የሃይማኖት ቡድን ናችሁ» ተብሎ ሳይነበብ ተመልሶልናል። መከራከር ይቻል ነበር። እኛ ግን ዕቅዱንና የአስተማሪዎቹን ዝርዝር አያይዘን እንደገና አስገባን። እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም። የተፈቀደልን ደብተር የደረሰው ፕሮግራሙ ከተጋመሰ በኋላ ነው። የትራንስፖርት ጥያቄያችንም አልተፈቀደም። ያገኘነው አዳራሹን፣ ሁለት የመማሪያ ክፍል፣ ኳሶች፣ ጠመኔና ዘግይቶ የመጣውን ደብተር ነው። ሰደቃችን የገባው እዚህ ላይ ነው። የፎቶኮፒውን፣ ከሩቅ ለሚመጡት ልጆች የታክሲውንና የቆሎውን ወጪ ከኪሳችን ሸፈንን።

ከቢሮው በላይ ያሳሰበን ግን ሰፈሩ ነበር። በምዝገባው ቀን አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ልጃቸውን ይዘው መጡና «ልጆቼ፣ እንዳትቀየሙኝ፣ ሃይማኖት ታስተምራላችሁ ወይ?» ብለው ጠየቁን። አልተቀየምንም። ጥያቄው የእናት ጥያቄ ነው፤ የእኛ እናቶችም በሌላ ቦታ ይጠይቁት ነበር። «እማማ፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና ፊዚክስ ነው። ሲፈልጉ ገብተው ከኋላ ይቀመጡ» አልናቸው። እውነትም ሁለት ቀን መጥተው ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን የጎረቤታቸውን ልጅ ጨምረው ላኩ። እኛ የሰጠነው ቃል ቢታጠፍና አንዳችን እንኳ በዚያ አዳራሽ ሌላ ነገር ብናስተምር፣ የሚጎዳው የእኛ ስም ብቻ አይሆንም። ከእኛ በኋላ የሚመጣ ሙስሊም ተማሪ ሁሉ በዚያ ሰፈር በጥርጣሬ ይታያል። ቂርአቱ በመስጂድ፣ በራሳችን ሰዓትና ወጪ እንደ ወትሮው ቀጥሏል።

ስለ ንብረቱም እንዲሁ ነው። ኳሱና ደብተሩ ከወረዳው ግምጃ ቤት የወጣው በሞዴል 22 ነው። የተረከብነውን እያንዳንዱን ዕቃ መዝግበን ፈረምን። የተረፈውንም በክረምቱ መጨረሻ ቆጥረን መልሰን ማረጋገጫ ተቀበልን። ከመካከላችን «ለሁለት ኳስ ይህ ሁሉ ወረቀት?» ያለ ነበር። ከቁርኣን አያዎች ሁሉ ረጅሙ ብድርን በጽሑፍ ስለ መመዝገብና ስለ ምስክር መሆኑን ያስታወሰው ሌላው ወንድማችን ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ወረቀት ያጉረመረመ የለም። የሕዝብ ገንዘብ አማና ነው። ኳስም ቢሆን አማና ነው።

ውጤቱን በፈተና ቁጥር ለመናገር ጊዜው ገና ነው። ያየነው ግን አለ። በመጀመሪያው ሳምንት ሰሌዳ ላይ ውጡ ሲባሉ አንገታቸውን የሚደፉ ልጆች በመጨረሻው ሳምንት ጠመኔውን ይሻሙ ነበር። ጽሕፈት ቤቱም ለመጪው ክረምት እንድንቀጥል ጠይቆናል። ይሁንና አንድ ነገር ያሰጋናል። የረዱን ባለሙያ ነገ ወደ ሌላ ወረዳ ቢዛወሩ፣ እኛም ተመርቀን ብንሄድ፣ በሰው ትውውቅ የተሠራ ነገር አብሮ ይሄዳል። የሚያቆየው በዕቅድ ላይ የሰፈረ መስመር፣ በፋይል የተቀመጠ ቃለ ጉባኤና ሪፖርት፣ ሥራውን የሚረከብ አዲስ ተማሪ ነው።

ስለዚህ ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ በተለይ የ1ኛና የ2ኛ ዓመት ተማሪዎች፣ የመጋቢቱ ዕቅድ ሳያልፍ እንገናኝ። ያለፈው ዓመት ደብዳቤዎች፣ የዕቃ ዝርዝሩና ሪፖርቱ በአንድ ፋይል ተቀምጠዋል፤ እናስረክባችኋለን። የምትኖሩበት ከተማ ሌላ ከሆነም ለዕረፍት ስትሄዱ የወረዳችሁን የወጣቶች ጽሕፈት ቤት በር አንኳኩ። መጀመሪያ ምን ባዶ አዳራሽ እንዳለ እዩ፣ ከዚያ ማን መማር እንደሚፈልግ ጠይቁ፣ በመጨረሻ ደብዳቤ ጻፉ። «ነገ ተመለሱ» ከተባላችሁም ተመለሱ። እኛ በአራተኛው ቀን ነው የተሳካልን።

አላህ ኒያችንን ያስተካክልልን፣ ሥራችንንም ይቀበለን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ