ቀለህ የሞሉት እጆች

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ነገሩን ያስነሳው አሜሪካ የሚኖር አንድ ተማሪዬ ነው። ጋራዡ ውስጥ ሆኖ የቀረጸውን ቪዲዮ ላከልኝ። የተኮሰበትን የሾትገን ቀለህ ለቅሞ ቤቱ ያመጣና እንደገና ይሞላዋል። ትርፍ ጊዜውን የሚያሳልፈው በዚህ ነው። መጨረሻ ላይ «ቲቸር፣ እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ነበር እንዴ? ወይስ የፈረንጅ ጨዋታ ነው?» ይለኛል። በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልሆነ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ሥራውን ለማታውቁት። ከሾትገን የሚወጣው እንደ ሌላው ጠመንጃ አንድ አረር ሳይሆን ብዙ ጥቃቅን የእርሳስ ፍሬ ነው። ተኩሱ ካለቀ በኋላ ቀለሁ ይቀራል። ከግርጌው ያለችው የተመታች መቀጣጠያ ትወጣና አዲስ ትገባለች፣ ባሩድ በሚዛን ይጨመራል፣ በላዩ ውታፍ ይደረጋል፣ ከዚያ እርሳሱ ይገባል፣ በመጨረሻ አፉ ታጥፎ ይዘጋል። «12 ቁጥር» የሚባለው ሾትገን ስሙን ያገኘው ከጥንት መለኪያ ነው፦ አንድ ፓውንድ እርሳስ ለ12 እኩል ድቡልቡሎች ሲከፈል የአንዷ ወርድ የአፈሙዙን ስፋት ይሰጣል፤ 18.5 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። እዚያ ይህን የሚያደርገው ሰው ገንዘብ ለመቆጠብም፣ ለደስታም ነው። እኛ የተቆላ ቡና ገበያ ሞልቶ ሳለ በቤታችን ቆልተን እንደምንጠጣው ማለት ነው።

እኛ ጋ ግን ነገሩ ጨዋታ ሆኖ አያውቅም። ችግር የወለደው ሥራ ነው።

አስቡት። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ እያንዳንዷ ጥይት ከባሕር ዳርቻ በግመል ነው የምትመጣው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በ1887 እ.ኤ.አ. ለምኒልክ ጠመንጃ ያመጣው ከታጁራ ተነስቶ የአፋርን በረሃ በቅፍለት አቋርጦ ነው። የጠመንጃዎቹ ስም ራሱ ከየት እንደመጡ ይናገራል፦ ስናድር የምንለው የእንግሊዙ ስናይደር ነው፤ ውጅግራ የምንለው ደግሞ የፈረንሳዩ «ፉዚል ግራ» ነው። የውጅግራ ጥይት በአንዳንድ አካባቢ ከማርትሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር። ዝናሩ ላይ ገንዘቡን ታጥቆ የሚሄድ ሰው ታዲያ ቀለሁን ሜዳ ላይ ጥሎ ይሄዳል? አይሄድም። ቀለሁ ናስ ነው፤ ናስ ሲተኮስ ይለጠጣል እንጂ ወዲያው አይበጠስም። ስለዚህ ተለቅሞ፣ ቅርጹ ተስተካክሎ፣ ባሩድና እርሳስ ገብቶበት ተመልሶ ይተኮሳል።

እርሳሱን ማቅለጥ፣ ናሱን ማቃናት የማን ሥራ ነው? የቀጥቃጭ። ልጽፍ የተነሳሁትም ስለዚህ ነው።

ብዙዎቻችሁ አታውቁም፤ አያቴ ቀጥቃጭ ነበሩ። በጣሊያን ጊዜ ሌሊት ሌሊት አርበኞች ቀለህ በከረጢት ይዘውላቸው ይመጡ እንደነበር አባቴ ይነግረኝ ነበር። ባሩዱንም መቀጣጠያዋንም ይዘው የሚመጡት እነሱ ናቸው፤ ከየት እንዳገኙት አይጠየቅም። በተለይ መቀጣጠያዋ በመዶሻ የምትሠራ ነገር አይደለችም፤ ስትመታ የምትፈነዳው በውስጧ ባለው ቅመም ስለሆነ ከውጭ ካልመጣች ሁሉም ይቆማል። አያቴ ወናፉን አናፍተው እርሳስ ያቀልጣሉ፣ በቅርጽ ያፈሳሉ፣ ቀለሁን ያቃናሉ። ከነጋ በፊት ከረጢቱ ይወጣል። ዋጋው ገብስ ወይም ቆጮ ነው።

ቀን ላይ ግን እነዚያው ሰዎች ቤታችን አይገቡም። አያቴ ለቅሶ ሲሄዱ የሚቀመጡት ለብቻ ነው፤ የሚጠጡበትም ዋንጫ የተለየ ነው። «ቡዳ» ይባላሉ። ልጃቸውን የሚያገባ ከወገናቸው ውጪ የለም። የራሳቸው የሚሉት መሬትም አልነበራቸውም። ጠላት ከወጣ በኋላ የተኮሰው ተሸለመ፤ ይገባዋልም። ቀለሁን የሞላውን ግን ማንም ስሙን አላነሳውም።

ይህ የእኛ ቤት ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ ያወጡት ነገሩ አገር አቀፍ በሽታ ስለነበረ ነው። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን አያቴ ዘመን ደረሰ፣ ከዚያም እኔ የተማርኩበት ክፍል ድረስ ገባ።

ስለ አርበኞቹ ስንናገር ተኳሹን ብቻ ሳይሆን ጥይት ያቀበለውንም እንጥራ እላለሁ። ሸዋረገድ ገድሌን የምናከብራቸው ለአርበኞች ጥይትና መረጃ ከአዲስ አበባ ስላሻገሩ፣ በዚህም ጣሊያን አገር ድረስ ተወስደው ስለታሰሩ ነው። ሸዋረገድ ስም አላቸው። የቀለህ ሞይዎቹስ?

የጥያ ልጆች ይህን ቶሎ ትረዱታላችሁ። ዩኔስኮ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው 36ቱ ትክል ድንጋዮቻችን አብዛኞቹ ላይ ጎራዴ ተቀርጾባቸዋል። የአገሩ ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል እንጂ ከግራኝ በፊት የቆሙ ናቸው። ቱሪስት ሲመጣ የምንተርከው ጎራዴው የጀግና ምልክት ነው እያልን ነው። ጎራዴውን የቀጠቀጠው ሰው ግን በትረካው ውስጥ የለም። ያለ ቀጥቃጭ ጎራዴ፣ ያለ ጎራዴ ያ ጀግና ከየት ይመጣል?

አሁን ደግሞ ለወጣቶቹ አንድ ማሳሰቢያ፤ መምህርነቴ አይለቀኝም። ይህን አንብባችሁ «እስቲ እኔም ልሞክር» እንዳትሉ። አንደኛ፣ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ከጦር መሣሪያና ከጥይት ጋር መነካካት ያስጠይቃል። ሁለተኛ፣ የድሮው ጥቁር ባሩድና የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ አንድ አይደሉም፤ በጥቁሩ ልክ ጭስ አልባውን የሞላ ሰው ጠመንጃው ፊቱ ላይ ይፈነዳበታል። ያ የአሜሪካው ልጄም በሕግ ተፈቅዶለት፣ ሚዛን ገዝቶ፣ የልክ ሰንጠረዥ እያየ ነው የሚሠራው። እርሻ ስትቆፍሩ ያልተተኮሰ ጥይት ካገኛችሁ እንዳትነኩት፣ ልጆችም እንዳያነሱት፤ ለፖሊስ ተናገሩ።

ቀለህ የግድ ባሩድ መልሶ መጉረስ የለበትም። በእንጦጦ አካባቢ ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ሴቶች ከጥይት ቀለህ የወጣ ናስ እያቀለጡ የአንገት ሐብልና አምባር ሲሠሩ ቆይተዋል። ያው እሳት፣ ያው ናስ፣ ያው የእጅ ሙያ ነው። ልዩነቱ ለእነሱ በስማቸው ይከፈላቸዋል፤ ገዢውም ማን እንደሠራው ይጠይቃል።

ስለዚህ ለተማሪዬ መልሴ ይህ ነው፦ አዎ ልጄ፣ ነበር፤ የፈረንጅ ጨዋታ ብቻ አይደለም።

ለሁላችሁም ደግሞ የቤት ሥራ አለኝ። በየመንደራችሁ ወናፍ ያነፉ፣ እርሳስ ያፈሰሱ፣ ጎራዴና ማረሻ የሠሩ አዛውንት ወይም ልጆቻቸው አሉ። ሄዳችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ በእነሱ ዋንጫ ጠጡ፤ ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፉ። ከፈቀዱላችሁ እዚህ ከታች አስቀምጡልኝ። እኔ የአያቴን ስም በመጀመሪያው ኮሜንት ላይ ጽፌዋለሁ።