ገሎል ደን ነውን?

«ደን» ማለት ለእኛ ለደገኞቹ ጥድና ዝግባ፣ ወይራና ጭጋግ ነው። ፀሐይ የማይዘልቀው፣ ጉሬዛ የሚዘልበት፣ ከተቻለም በመካከሉ አንድ ገዳም ያለበት። ጅጅጋ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ግን ይህ ሥዕል አልሠራ አለኝ። ከባቢሌ ተነሥቶ በዳካታ ሸለቆ፣ ድንጋይ ድንጋይን ተሸክሞ በቆመበት በኩል የመጣ መንገደኛ የሚያየው ቁጥቋጦና እሾሃም ግራር ነው። ከካራማራ ወዲህ ደግሞ ሜዳ ነው፤ ዛፉ ተራርቆ ይቆማል፤ በመካከሉ ፍየልና ግመል ይመላለሳል። «እዚህ አገር ደን የለም» ብሎ የሚመለስ መንገደኛ ብዙ ነው። የሕግ አርቃቂዎቻችንም ለረጅም ጊዜ ከዚህ መንገደኛ እምብዛም አልራቁም።

በንጉሡ ዘመን፣ በ1957 ዓ.ም.፣ ሦስት የደን አዋጆች ወጡ። ደርግም የራሱን አወጀ። በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 94፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 542 ተከተሉ። የ1999ኙ የደን ባለቤትነትን ለሁለት ከፈለው፤ የመንግሥትና የግል ብሎ። እንግዲህ ልብ በሉልኝ፤ አርብቶ አደሩ ከሁለቱ የትኛው ነው? ግመሉን እየነዳ ዝናብ የሚከተል ሰው መንግሥት አይደለም፤ አጥር ያጠረ ባለይዞታም አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 የግጦሽ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት ሰጥቶታል። ሣሩ የእሱ ሆነ ማለት ነው። ከሣሩ በላይ የቆመው ዛፍ ግን በሌላ አዋጅና በሌላ መሥሪያ ቤት ይተዳደራል፤ ፌዴራሉ ሕግ ያወጣል፣ ክልሉ ያስተዳድራል። ፍየሏ ይህን ድንበር የምታውቀው አይመስለኝም፤ ሣሩንም ቅጠሉንም ትበላለች።

የቆጠራው ነገር ደግሞ ይብሳል። አገራችን ደንን ስትቆጥር የኖረችው በዓለም አቀፉ መለኪያ ነበር፤ 5 ሜትር የሚደርስ ዛፍ፣ ቢያንስ ከመሬቱ 10 በመቶውን የሚሸፍን ጥላ። እ.ኤ.አ. በ2015 ግን የያኔው የአካባቢና ደን ሚኒስቴር መለኪያውን ለወጠ። ስፋቱ ከግማሽ ሄክታር ያላነሰ፣ ቁመቱ 2 ሜትር፣ የጥላው ሽፋን 20 በመቶ ይሁን አለ። ቁመቱ ዝቅ ያለው አጫጭሩን የቆላ ዛፍ ለማካተት ነው፤ ደግ ተደርጓል። ጥላው በእጥፍ ማደጉ ግን ተራርቆ የቆመውን መልሶ አስወጣው። በአንድ እጅ ጠርቶ በሌላው መግፋት ይሏል ይህ ነው። መስፈርቱ የቆጠራ እንጂ የቅጣት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ዳሩ ግን በጀትና ጠባቂ የሚመደበው የተቆጠረውን ተከትሎ ነው።

ሕጉና ዛፉ ፊት ለፊት የሚገናኙት በከሰል ማዳበሪያ ላይ ነው። እዚህ ከሁሉ የሚወደደው የገሎል ከሰል ነው፤ ይጠናል፣ አመዱ ያንሳል፣ ቡና እስከ ሦስተኛ ያደርሳል። ገሎል ከግራር ወገን ነው። ከሥሩ የሶማሌ ቤት ቅስት፣ ከልጡ ገመድና ምንጣፍ ይሠራል። ቀስ ብሎ ያድጋል፤ በአንድ ቀን ይቆረጣል። በአፈር ክምር ሲከሰል፣ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይነዳል።

ከሰል የምገዛቸውን ሴት እንደ ሰፈሩ ወግ «ኤዶ» እላቸዋለሁ፤ አክስቴ እንደማለት ነው። አንድ ቀን ሥራውን እንዴት እንደጀመሩት ጠየቅኋቸው። ከብት ነበረኝ አሉ፤ ድርቁ ወሰደው። ሌላ ነገር አልጨመሩም። ያ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ዝናቡ ተከታትሎ የቀረበት ድርቅ ነው። የደን ውጤት ያለ ፈቃድ ማዘዋወር ክልክል ነው፤ ኬላ ላይ የሚያዘውም ማዳበሪያው ነው። ድርቁ ኬላ አያልፍም።

በውጭም ያው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ከሶማሊያ ከሰል ወደ ውጭ እንዳይላክ ከልክሏል። ዋናው ምክንያት ግን ገንዘቡ ለአልሸባብ መዋሉ እንጂ ለዛፉ መታዘን አልነበረም።

ሐርትሼክንም ማንሳት አለብኝ። እ.ኤ.አ. በ1988 ከሐርጌሳና ከቡርዖ የሸሸው ሕዝብ እዚያ ሰፈረ፤ ጣቢያው በአንድ ወቅት በዓለም ትልቁ የስደተኞች መጠለያ ተብሎ እስከ 2004 ቆየ። ያ ሁሉ ሕዝብ ያበሰለው በእንጨት ነው። ለተራበ ልጅ ገንፎ የሚያገነፋ ሰው አዋጅ ይነበብለት የሚል የለም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን ለተነቀለው ሁሉ ማን ይተካ የሚለውን ጥያቄ የትኛውም አዋጅ አልመለሰም።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 ባለቤቶቹን አራት አደረጋቸው፤ የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት። «ማኅበረሰብ» የሚለውን ቃል ሳይ ደስ አለኝ። ለአንድ ዕድሜ ጠገብ ጎረቤቴ፣ አዴር እያልኩ ለምጠራቸው አዛውንት፣ አንቀጹን ወደ ሶማሊኛ እያስመለስኩ አስነበብኩላቸው። በእነሱ ባህላዊ ሕግ፣ በሔር፣ ለፍየል ቅርንጫፍ መዘልዘል እንጂ ግንድ መጣል ነውር እንደሆነ፣ ሽማግሌ ለዳኝነት የሚቀመጥበትን ጥላ የቆረጠም እንደሚካስ አስቀድመው ነግረውኛል። አንቀጹን በጥሞና ሰሙ። ከዚያ ጺማቸውን እየዳሰሱ፣ ማኅበረሰቡ የትኛው ነው አሉኝ፤ አሁን እዚህ ያለነው ነን ወይስ ዝናብ ሲዘንብ ከወጃሌ በኩል የሚመጡት? ሁላችንም ግመል ተከትለን በሄድንበት ወራትስ ወረቀቱን የሚይዘው ማን ነው?