ከዐስር እስከ መግሪብ



ባለፈው ክረምት ሰቆጣ በገባሁበት ዕለት የአራት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ስልክ ይዟል። «አጎትህ መጣኮ» ሲባል ጣቱን ሳያነሳ «እሺ» አለ። እኔ በሱ ዕድሜ ቀን ቤት ውስጥ ከተገኘሁ እናቴ ግንባሬን ትዳስስ ነበር፣ አመመው ብላ።

«ለምን ውጭ አታስወጪውም?» አልኳት እህቴን። ከካምፓስ የመጣ ሰው ምክር አያልቅበትም። «አንተ የምታውቀው የድሮውን ሜዳ ነው» አለችኝ። «የወደቀ ብረት አንስቶ ቢጫወትበትስ?» ዝም አልኩ። ዋግ ኽምራ በጦርነቱ ያየችውን የሚያውቅ ሰው እናትን በፍርሃቷ አይወቅስም።

የከተማችን ስም አገር የሚያውቀው በሕፃናት ጉዳይ ነው። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ይባላል። ምግብ ይቀድማል፤ በዚህ ክርክር የለኝም። የጠገበ ልጅ ግን መሮጥ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ፣ ስክሪን ላይ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል። የኛ ልጅ ሁለቱን ቁጥሮች ገልብጧቸዋል።

እኛ ሙስሊሞች ለዚህ ሩቅ መሄድ የለብንም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሕፃን ሳሉ ከመካ ወጥተው በሐሊማ እጅ፣ በበኑ ሰዕድ ገጠር አድገዋል። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ ጂብሪል ደረታቸውን ሊከፍት ሲመጣ ያገኛቸው ከልጆች ጋር ሲጫወቱ ነው። ሲመሽ ልጆቻችሁን ሰብስቡ የሚለውን የቡኻሪ ዘገባ ደግሞ በልጅነታችን የምንሰማው እንደ ክልከላ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ማታ ይሰብሰቡ ከተባለ ቀን ውጭ ነበሩ ማለት ነው። (ከተሳሳትኩ ኡስታዞች ያርሙኝ።)

የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነኝና ለጓሯችን ዥዋዥዌና መንሸራተቻ በወረቀት ነደፍኩ። አያቴ አየት አደረጉና «ይሄ ለልጁ ነው ላንተ?» አሉኝ። የእንጨቱን ዋጋ ስጠይቅ ወረቀቱን አጠፍኩት። ጎረቤታችን ቤት ሠርቶ የተረፈውን አሸዋ ለመንን፤ ሁለት የአህያ ጭነት ሆነ። ከዚያ በፊት ግን እህቴና እኔ ጓሮውን እርምጃ በእርምጃ ፈተሽነው፤ የዛገ ቆርቆሮ፣ ስባሪ ጠርሙስ፣ ብዙ እሾህ ለቀምን። ሌላ የሚያስፈራ ነገር አልነበረም፤ አልሐምዱሊላህ።

ዝናቡ ፋታ በሰጠ ቀን ሁሉ ዐስር ከተሰገደ በኋላ አያቴ በርጩማቸውን ይዘው ይወጣሉ። መጀመሪያ ቀን ልጁ ቆሞ ስልኩን እየጠራ አለቀሰ። በሦስተኛው ቀን የጎረቤት ልጆች መጡ፤ እቃ እቃና አኩኩሉ ተጀመረ። አያቴ «እንዲህ አድርጉ» አይሉም። ሲጣሉ እንኳ ድንጋይ ካልተነሳ ዝም ነው። እኔ ግን አላስቻለኝም። ልጁ የዝናቡን ውሃ በአሸዋ ሲገድብ፣ ውሃው እየሰረገ ሲንድበት «ጭቃ ጨምርበት» ልል አፌን ከፈትኩ፤ አያቴ በዐይናቸው መለሱኝ። አራት ጊዜ ፈረሰ። በአምስተኛው ራሱ ጭቃ አምጥቶ መረገው። እኔ ይህን በሦስተኛ ዓመት ነው የተማርኩት!

እህቴ ሳምንት ሙሉ በር ላይ ቆማ ነበር የምታየው። አንድ ቀን ዞር ስል አሸዋው ዳር ተቀምጣ ጠጠር ለቅማ ቅልሞሽ ትጫወታለች። በቅርቡ ስደውልላት «ትናንት ከአያቴ ጋር ዛፉ ድረስ ሄዱ» አለችኝ፤ ቀጥላም «እኔም ሄድኩ»።

ይህን የምጽፈው በእሑዱ ደርሳችን ምክንያት ነው። ልጅ ይዘው የሚመጡ እህቶች ኋላ ተቀምጠው «እሽሽ» ሲሉ ይውላሉ፤ እኛም ዞረን እናያቸዋለን። ከመስገጃው ጀርባ ከዛፎቹ ሥር ያለው ሜዳ ባዶ ነው፤ ቅዳሜ አጸዳዋለሁ። እናት ልጇን አምና የምትሰጠው ሁለት ሰው ካለ ነው። የዚህ እሑድ አንዱ ተረኛ እኔ ነኝ፤ ሁለተኛ ሰው እፈልጋለሁ።